የድሮውን የጭነት ፉርጎ በትክክለኛ ልኩ አሳንሶ መሥራት፦ አዳማ ላይ ለሚጀምሩ

የባቡር ሞዴል ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሎኮሞቲቩን ነው። ጭሱ፣ ፊሽካው፣ ትልልቁ መንኮራኩር ዓይን ይስባል። እኔ የማደላው ለፉርጎው ነው። ጅቡቲን ከአዲስ አበባ ያገናኝ የነበረው የድሮው ምድር ባቡር የኖረው በጭነት ነው። ቡናና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ጨርቅ፣ ነዳጅና ማሽን ወደ መሃል አገር ይወጣል። ያን ሁሉ የተሸከመው ፉርጎው ነው። ስለ ሎኮሞቲቮቹ ፎቶም ወሬም ሞልቷል። ፉርጎዎቹን ግን ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም።

ባቡር የሚመስል ነገር መሥራት አይከብድም። አንድ ሳጥን፣ አራት ክብ ነገር፣ ትንሽ ቀለም ይበቃል። በእውን የነበረን አንድ ፉርጎ፣ በአንድ በታወቀ ዘመን እንደነበረው አድርጎ መሥራት ግን ሌላ ሙያ ነው። ከሥራው ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ገና ካተር ሳይነሳ ነው፤ በማየት፣ በመለካትና በመወሰን። ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም ሆነ የሚበላሸው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ እኔም አብዛኛውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ስለ መስመሩ ጥቂት ልበል፤ ልኩ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። አዳማ ከአዋሽና ከሞጆ መካከል ከነበሩት ጣቢያዎች አንዷ ናት። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አዲሱ መስመር ላይ የለካችሁት ፉርጎ ለድሮው ሞዴል ምንም አይጠቅማችሁም። ስፋቱ፣ ቁመቱ፣ መንኮራኩሩ፣ ሁሉም ሌላ ነው።

ዓመት ሳትመርጡ አትጀምሩ

ፉርጎ ለአሥርት ዓመታት ይሠራል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደተወለደ አይቆይም። የበሰበሰ ጣውላው ወልቆ ላሜራ ይገባበታል። በሩ ይቀየራል፣ ፍሬኑ ይሻሻላል፣ ቁጥሩ እንደገና ይጻፋል። ከአንዱ ፎቶ በሩን፣ ከሌላው ፎቶ ጽሑፉን ወስዳችሁ ብትገጣጥሙ፣ የሚወጣው ፉርጎ በየትኛውም ቀን በየትኛውም ሐዲድ ላይ ሄዶ የማያውቅ ነው።

አሜሪካኖቹ በዚህ ሙያ ርቀው ሄደዋል፤ የእነሱ ምሳሌ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እዚያ የድሮ ዝግ ፉርጎዎች ጣሪያ ላይ ሠራተኛ የሚራመድበት ጣውላ ነበር። ከ1966 መጨረሻ ወዲህ በተሠሩ አዳዲስ ፉርጎዎች ላይ ግን ያ መራመጃ ቀርቷል። ኬ የሚባለው አሮጌ የአየር ፍሬንም ከ1953 በኋላ ከአንድ ኩባንያ ሐዲድ ወደ ሌላው በሚሻገሩ ፉርጎዎች ላይ ተከልክሏል። በዚያ ላይ ፉርጎው ባዶውን የተመዘነበት ወርና ዓመት ጎኑ ላይ ይጻፍ ነበር። አንድ ጎበዝ ሞዴል ሠሪ እነዚህን ሦስት ነገሮች አይቶ «ይህ ፎቶ ከዚህ ዓመት በፊት አልተነሳም» ይላችኋል። የ1960ዎቹን ቀለም ቀብታችሁ ከሥሩ የኬ ፍሬን ብትገጥሙ ወዲያው ይነቃባችኋል።

በእኛም መስመር እንደዚህ ያለ መለያ አለ። ድርጅቱ ለረጅም ጊዜ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ነበር። ጅቡቲ በ1977 ነጻ ወጣች፤ በ1981 ድርጅቱ የኢትዮ-ጅቡቲ ሆነ። ሲኤፍኢ የነበረው የፈረንሳይኛ ምህጻሩም ሲዲኢ ሆነ። ስለዚህ በ1960ዎቹ ቡና የሚጭን ፉርጎ እየሠራችሁ ከሆነ፣ ሲዲኢ የሚለው ጽሑፍ እዚያ ምንም ሥራ የለውም።

ቀለምን በተመለከተ የሰው ትዝታ ላይ ብቻ አትደገፉ። ባቡሩን የሚያስታውሱ ሁለት ሰዎችን ብትጠይቁ አንዱ ቡናማ ቀይ ነበር ሊል፣ ሌላው ግራጫ ነበር ሊል ይችላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያዩት ፉርጎም ያዩበት ዘመንም የተለያየ ነውና። የምድር ባቡር ጡረተኛ ካገኛችሁ «ጋሼ፣ ቀለሙ ምን ነበር?» ከማለት ይልቅ «ጋሼ፣ በሩን ስትከፍቱ የቱን ነበር የምትይዙት? መቀርቀሪያው ወደየት ነበር የሚነሳው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀለም የረሳ ሰው እጁ የለመደውን መቀርቀሪያ አይረሳም። እንዲህ ያለ መልስ ደግሞ ከፎቶ አይገኝም።

መለካት

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል በድሮው ሐዲድ ላይ ባቡር መሄድ ካቆመ ቆይቷል። የቆሙ አሮጌ ፉርጎዎች ግን አሁንም አሉ፤ ድሬዳዋ ደግሞ ከጥገና ማዕከሉ ጋር የመስመሩ እምብርት ነበረች። ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። ጥበቃውን አባብሎ ገብቶ በችኮላ ከመለካት፣ ደብዳቤ ይዞ ተረጋግቶ መለካት በብዙ ይሻላል። ከቆመ ፉርጎ ሥር ስትገቡም ተጠንቀቁ፤ የዛገ ብረት ይወድቃል፣ ሣር ውስጥ ደግሞ እባብ አይጠፋም።

የምትይዙት ዕቃ ትንሽ ነው። የአምስት ሜትር ሜትር፣ ካሊፐር፣ ደብተር፣ ስልክ፣ እና አንድ ቀጥ ያለ የሁለት ሜትር እንጨት ይበቃል። እንጨቱን በየ10 ሳንቲሙ ጥቁርና ነጭ እያፈራረቃችሁ ቀቡት። ፎቶ ስታነሱ ፉርጎው ላይ አስደግፉት። ቤት ገብታችሁ መለካት የረሳችሁት ነገር ሲመጣ (መምጣቱ አይቀርም) እንጨቱ ከፎቶው ውስጥ ይለካላችኋል።

ከትልቁ ወደ ትንሹ ውረዱ። መጀመሪያ የሻሲው ርዝመት፣ የሳጥኑ ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት። ቀጥሎ በአክስሎቹ (ግራና ቀኝ መንኮራኩሮችን በሚያያይዙት ዘንጎች) መካከል ያለው ርቀት። ይህ ሲሳሳት ፉርጎውን የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ያየዋል፤ ምን እንደተሳሳተ መናገር ባይችል እንኳን «አልመሰለኝም» ይላል። ከዚያ የበሩ ስፋት፣ የቋሚ ብረቶቹ ርቀት፣ የጣሪያው ቅስት። ጣውላዎችን አንድ በአንድ አትለኩ፤ ቁጠሯቸውና ጠቅላላውን ከፍታ አካፍሉት። አንዱ ጣውላ አብጦ ሌላው ተሰንጥቆ ይሆናል፤ አማካዩ ግን አያሳስታችሁም።

አሮጌ ብረት ይጣመማል። ስለዚህ አንድን ልኬት ከግራም፣ ከመሃልም፣ ከቀኝም ውሰዱ። ሦስቱ ካልተስማሙ ሲሠራ የታሰበው የትኛው እንደሆነ አስቡ። ብዙ ጊዜ ለክብ ቁጥር የሚቀርበው ነው፤ ያኔም የነደፈው መሐንዲስ 2 ሜትር ከ40 እንጂ 2 ሜትር ከ38.7 ብሎ አልሣለም።

ፉርጎው ራሱ ጠፍቶ ፎቶ ብቻ ከቀረ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ፎቶው ውስጥ ልኩን የምታውቁት አንድ ነገር ፈልጉ። በአክስሎቹ መካከል 3 ሜትር እንደሆነ ታውቃላችሁ እንበል፤ ፎቶው ላይ ይህ 84 ሚሊ ሜትር ሆነ። ስለዚህ የፎቶው አንድ ሚሊ ሜትር በእውኑ 35.7 ሚሊ ሜትር ነው። በሩ ፎቶው ላይ 42 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ስፋቱ ወደ 1 ሜትር ከ50 ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መንኮራኩሮቹ ያሉት ከሳጥኑ ግድግዳ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነው፤ 60 ሳንቲም ያህል እንበል። ፎቶው የተነሳው ከግድግዳው በ5 ሜትር ርቀት ከሆነ፣ መንኮራኩሩና የአክስሎቹ ርቀት ከግድግዳው አንጻር በ11 በመቶ ገደማ አንሰው ይታያሉ። ከ20 ሜትር ከሆነ ስህተቱ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። እንግዲህ የራሳችሁን ፎቶ ስታነሱ ራቅ በሉ፣ ከመሃሉ ፊት ለፊት ቁሙ፣ ከዚያ አቅርባችሁ አንሱ። የቆየ ፎቶ ሲሆን ግን ግድግዳው ላይ ያለውን በግድግዳው ልክ ብቻ ለኩ፤ ከሥር ያለውን ለብቻው አስሉ።

የቱ ስኬል?

ስኬል ማለት እውነተኛው ልክ ለስንት እንደሚካፈል የሚናገር ቁጥር ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት 1፡87 ነው፤ ሁሉም ነገር ለ87 ይካፈላል። በዚህ ስኬል የአንድ ሜትር ሐዲዳችን 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ፋብሪካዎቹ 12 ሚሊ ሜትር አድርገው ይሠሩታል። ስድስት ሜትር ተኩል የሆነ ፉርጎ 75 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ያምራል፣ ቦታም አይፈጅም። ችግሩ እዚህ አገር ለዚያ ስኬል የሚሆን ቀጭን ፕላስቲክም፣ ደቃቅ መንኮራኩርም ሱቅ ገብቶ መግዛት አለመቻሉ ነው።

እኔ ለጀማሪ የምመክረው 1፡22.5 ነው። አንድ ሜትር ለ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊ ሜትር ነው። በ1968 ኑረምበርግ ላይ የተነሳው ኤልጂቢ የተባለው የሞዴል ባቡር ምርት የሚሄድበት ሐዲድ 45 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ያም ማለት ይህ ስኬል ከጥንቱም ለአንድ ሜትር ሐዲድ የተመቸ ነው። ያው ፉርጎ 29 ሳንቲም ገደማ ይሆናል። ባለ 80 ሳንቲም መንኮራኩር 35.6 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህን ማንኛውም ቶርኖ ቤት ይቀርጽላችኋል። አዳማ ደግሞ የቶርኖ ቤት ችግር የለባትም። የጠርዙን ቅርጽ ግን በትልቁ ስላችሁ ስጡት፤ ቆሞ ለሚታይ ብቻ ሳይሆን ለሚሄድ ሞዴል ከሆነ ያ ጠርዝ ነው ከሐዲድ እንዳይወጣ የሚይዘው።

የክብደቱንም ነገር እዚሁ ላንሳው። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ሦስቱም አንድ ላይ ስለሚያንሱ፣ ክብደቱ የሚካፈለው በስኬሉ ሳይሆን ስኬሉ በራሱ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ በሚገኘው ቁጥር ነው። ባዶውን 8 ቶን የሚመዝን ፉርጎ በ1፡22.5 ሲሆን 700 ግራም ይሆናል፤ በእጅ ሲያነሱት ደስ የሚል ክብደት ነው። በ1፡87 ግን 12 ግራም ብቻ ነው። እንደዚህ የቀለለ ነገር ኩርባ ላይ ከሐዲድ ይወጣል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር በዚያ ስኬል ለሚሠሩ 28 ግራም መነሻ፣ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት 14 ግራም የሚመክረው። እውነተኛውን ክብደት ትተው ለመሄድ የሚበቃውን መረጡ ማለት ነው።

የማይቀንስ ነገር፦ ውፍረት

ከሁሉ አስቸጋሪው ይህ ነው። ርዝመትን ማሳነስ ሒሳብ ብቻ ነው። ውፍረትን ማሳነስ ግን ዕቃ ይጠይቃል። የ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ1፡22.5 ሲሆን 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከተራ ወረቀት ጥቂት ቢወፍር ነው። ከ3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ የተሠራ በር በእውኑ ፉርጎ ላይ ከ6 ሳንቲም በላይ ውፍረት ያለው በር እንደማለት ነው። ብዙ የቤት ውስጥ ሞዴሎች መጫወቻ የሚመስሉት በዚህ ነው። ቀለማቸው ልክ፣ ርዝመታቸው ልክ፣ ጠርዛቸው ግን ደንደን ያለ ነው።

መፍትሔው ሁሉንም ማቅጠን አይደለም። ዓይን ውፍረትን የሚያየው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። የተከፈተ በር፣ የጣሪያው ከንፈር፣ የመሰላሉ እግር፣ እነዚህን ብቻ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አቅጥኗቸው። ከውስጥ ያለው ኮምፔንሳቶ እንደወፈረ ይቆይ፤ ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እሱ ነው።

ለላሜራው ደግሞ በየመንገዱ የሚጣለው የለስላሳ ጣሳ አለላችሁ። የጣሳው ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ22.5 ሲባዛ 2 ሚሊ ሜትር ከሩብ ይሆናል። የፉርጎ ላሜራ ማለት ነው፣ አለቀ።

ሪቬቱንም፣ ማለትም ላሜራዎቹን የሚያያይዙትን ባለ ክብ ራስ ብረቶች፣ በዚሁ ጣሳ ላይ ታወጡታላችሁ። የጣሳውን ላይና ታች ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ጠርዙ እጅ ስለሚቆርጥ ጓንት አድርጉ። ዘርግታችሁ በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አቃኑት። ቀለሙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አንሱት። ከዚያ ግልብጥ አድርጋችሁ ወፈር ያለ ካርቶን ላይ አስቀምጡት። የሪቬቶቹ ርቀት በእውኑ 75 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በእናንተ ላይ 3.3 ሚሊ ሜትር ነው። ማስመሪያ አስደግፋችሁ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ ጫፍ አንድ በአንድ ጫን ጫን አድርጉት። ስትገለብጡት የሪቬቶቹ ራስ ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። አጫጫናችሁ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አንዱ ገዝፎ ሌላው ካነሰ ከቀለም በኋላ ይብሳል። አንድ ረድፍ ከጨረሳችሁ በኋላ ጣሳው ይጠቀለላል። አትደንግጡ፣ ኮምፔንሳቶው ላይ በማስቲሽ ስትለጥፉት ይቃናል። ሱፐር ግሉ እዚህ ጋ አይሆንም፤ ይደርቅና ሙቀት ሲነካው ይላቀቃል።

የጣውላ ፉርጎ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ዛፍ አያንስም። የእንጨታችሁ ጭረት 1 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ በእውኑ ከ2 ሳንቲም በላይ የሰፋ ጭረት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጭረቱ የማይታይ እንጨት ፈልጉ፤ የአይስክሬም እንጨት ጥሩ ነው። በውኃ በቀጠነ የእንጨት ኮላ ቀቡት፣ ሲደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የ12 ሳንቲም ጣውላ 5.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ሁሉንም ከደረደራችሁ በኋላ አንድ ሁለቱን አውጥታችሁ ትንሽ ለየት ያለ ቀለም ቀቧቸው፤ የተጠገነ ፉርጎ እንደዚያ ነው።

በሌዘር የሚቆርጥ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ብታገኙ ሥራው ይፈጥናል፤ በተለይ ሁለት ሦስት አንድ ዓይነት ፉርጎ ለሚሠራ። ፒቪሲ ግን በሌዘር አታስቆርጡ። ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ለሳንባም ለማሽኑም መርዝ ነው። ኮምፔንሳቶና አክሪሊክ ይሆናሉ። ጨረሩ ራሱ ትንሽ ስፋት ስለሚበላ መጀመሪያ አንድ ቁራጭ አስቆርጣችሁ ለኩ።

ስለ መገጣጠሙ ብዙ አልልም። ከሻሲው ጀምሩ፣ በስኳድራ እያያችሁ ሂዱ፣ አራቱም መንኮራኩር መስታወት ላይ እኩል ካልተቀመጠ ወደ ሳጥኑ አትለፉ።

ቀለም፣ ጽሑፍ፣ አቧራ

አዳማ የንፋስ ከተማ ናት፤ ከከተማው ዳር ያሉት ተርባይኖች የተተከሉትም ለዚሁ ነው። ለቀለም ቀቢ ይህ ፈተና ነው። በጠዋት፣ ንፋሱ ሳይነሳ፣ ወለሉን ውኃ ረጭታችሁ ክፍል ውስጥ ቀቡ። መስኮቱን ዘግታችሁ ከሆነ ጭምብል አድርጉ። ቀብታችሁ እንደጨረሳችሁ ካርቶን ድፉበት። በቀጭኑ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት፣ በወፍራሙ አንዴ ከመቀባት ይሻላል፤ የለፋችሁበት ሪቬት በቀለም ይሞላና ይጠፋልና።

ትንሽ ነገር ላይ ቀለም ከትልቁ ይልቅ ጠቆር ብሎ ይታያል። ስለዚህ አንዳንዱ ሞዴል ሠሪ ጥቂት ነጭ ወይም ግራጫ ይቀላቅላል፣ ሌላው «ቀለሙ ቀለም ነው» ብሎ ይከራከራል። እኔ ከሚቀላቅሉት ጋር ነኝ። በአዳማ ፀሐይ ስንት ዓመት የቆመ ፉርጎ እንደተቀባ አይቆይም።

ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ ባለ ፎንት አትጻፉ። የድሮው ፊደልና ቁጥር የአሁኑን ፎንት አይመስልም፤ የ«ኢ» እግርና የ«ያ» ቀለበት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል። ፊት ለፊት የተነሳ ፎቶ ላይ ቅርጹን ተከትላችሁ ሳሉት፣ ከዚያ ስቲከር ቤት ወስዳችሁ አስቆርጡት። የተቆረጠውን ስቲከር ራሱን አትለጥፉ፤ ውፍረቱ ይታያል። ቀዳዳውን እንደ ማተሚያ ተጠቅማችሁ በስፖንጅ ቀለም ንኩበት።

ማስረጀቱ ላይ ብዙ ሰው ይበዛበታል። ዝገት በየቦታው አይረጭም፤ ምክንያት አለው። ከብሎን ሥር ወደ ታች ይወርዳል፣ ውኃ የሚቋጥርበት ጥግ ላይ ይጠራቀማል። የበሩ እጀታ አካባቢ እጅ የጨረፈው ያብለጨልጫል። ከሥር፣ መንኮራኩሩ አጠገብ፣ ከፍሬን የሚወጣው ብናኝ ያጠቁረዋል። ለእያንዳንዱ ምልክት «ይህን ምን አመጣው?» ብላችሁ መልስ ካላገኛችሁለት አትቀቡት።

አቧራውን ከግቢያችሁ አፈር ብታመጡ ቀለሙ ልክ ነው፣ መጠኑ ግን ልክ አይደለም። 0.2 ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በዚህ ስኬል 4.5 ሚሊ ሜትር ጠጠር ናት። ስለዚህ አፈሩን ለናሙና ብቻ አስቀምጡና፣ ባለቀለም ጠመኔ ፈጭታችሁ ከሱ ጋር እስኪመሳሰል ቀላቅሉ። በለስላሳ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እየሳሳ እንዲሄድ አድርጉት።

በመጨረሻ ሥዕሉ ይቀራል። ፉርጎውን ስትለኩ የሠራችሁትን ንድፍ በንጹሕ ወረቀት ገልብጡት። በእጃችሁ የለካችሁትን በጥቁር፣ ከፎቶ ያሰላችሁትን በሰማያዊ፣ የገመታችሁትን በቀይ ጻፉ። ቀኑን፣ ቦታውንና የፉርጎውን ቁጥር ከላይ አስፍሩ። አሮጌ ብረት ዛሬም ነገም እየተቆረጠ ይሸጣል፤ የለካችሁት ፉርጎ ከዓመት በኋላ ላይኖር ይችላል። ያኔ ሌላ ሰው ሞዴሉን መሥራት ቢፈልግ የቱን ቁጥር እንደሚያምን፣ የቱን ደግሞ እንደገና መፈለግ እንዳለበት ከቀለሙ ያውቃል። አንድ ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ፣ ሌላውን ለመለካት ለፈቀዱላችሁ ሰዎች ስጡ።